የሆስፒታል አልጋ በጥጥ መጥረግ ከመድሃኒት መላመድ ጋር ምን አገናኘው?

የልደታው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ባለሙያ ካላችሁ እስኪ አስረዱኝ። ታናሽ እህቴ ማይክሮባዮሎጂ ማስተርሷን እየሰራች ነው፣ ጥናቷ አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ላይ ነው ስትለን እኔ አሪፍ ላብ ውስጥ ምናምን መስሎኝ ነበር፣ ለካ ውሎዋ መሀል ከተማ ያለ ሆስፒታል ውስጥ የአልጋ ብረትና የእጅ መታጠቢያ ቀዳዳ በጥጥ እየጠረገች ነው። ፋዘር "ይሄን ለመጥረግ ነው ይሄ ሁሉ ትምህርት?" ብሎ ቀለደባትና አኩርፋ መልስም አልሰጠችን። እኔ የማውቀው ሰው ካፕሱሉን ሳይጨርስ ሲያቋርጥ ሰውነቱ መድሃኒቱን ይለምደዋል ነው። ታዲያ አልጋው ምን አጠፋ? ካፕሱል አይውጥ ሃሃሃ

ላብ ቴክ፦
አልጋው ባይውጥም የዋጠ ሰው ተኝቶበታል ወንድሜ። በመጀመሪያ ሰውነትህ ምንም አይለምድም፣ ጉዳዩ የባክቴሪያው ነው። ከብዙ ሚሊዮኑ መሀል መድሃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይኖራሉ፣ መድሃኒቱ ሌላውን ሲጨርስላቸው ሜዳው ለነሱ ይለቀቃል፣ ይራባሉ። የባሰው ደግሞ የሚቋቋሙበትን ጂን ፕላስሚድ በሚባል ትንሽ ዲኤንኤ ለሌላው ያቀብሉታል፣ አንድ ዝርያ መሆን እንኳ አይጠበቅበትም፣ ክሌብሲየላ የሚባለው ባክቴሪያ ኢ ኮላይ ለሚባለው ይሰጣል። ስለዚህ አንተ በህይወትህ አንድ አሞክሳሲሊን ሳትውጥ መድሃኒት የማይነካው ባክቴሪያ ሊይዝህ ይችላል፣ ከጎንህ ከተኛው ሰው በነርሷ እጅ ወይ በካቴተር (በሽንት ቱቦ) ወይ በዛው በአልጋው ብረት። አሲኔቶባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ደረቅ ነገር ላይ ለሳምንታት ይቆያል። ሲንኩ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ዝልግልግ ነገር ሰርተው ይኖራሉ፣ ውሃ ሲከፈት ፍንጣሪው ይዟቸው ይወጣል። እህትህ ጥጡን ላብ ወስዳ ባክቴሪያውን ታሳድጋለች፣ ከዛ ዲስክ የሚሏትን መድሃኒት የተነከረባት ትንሽ ክብ ወረቀት ታስቀምጥበታለች፣ ዲስኩ ዙሪያ ባዶ ክብ ካልወጣ መድሃኒቱ አልሰራም ማለት ነው። ከበሽተኛ ቁስል የተገኘውና ከሲንኩ የወጣው ጂናቸው አንድ ሆኖ ከተገኘ አባትህ ያኔም ይቀልዱ እንደሆነ ንገረን

ሲስተር መ፦
"በነርሷ እጅ" ብለህ ጀመርክ አይደል ላብ ቴክ? ሁሌ እኛ ነን! ታሪኩን ላስታውስህ፣ ቪየና በ1847 ሴመልዌይስ የሚባል ሐኪም ያየው ነገር አዋላጆች ከሚሰሩበት ክፍል ይልቅ ሐኪሞች የሚሰሩበት ክፍል ውስጥ እናቶች በብዛት እንደሚሞቱ ነበር፣ ሐኪሞቹ ሬሳ መርምረው በዛው እጃቸው ያዋልዱ ነበራ። በክሎሪን ታጠቡ አላቸው፣ ሞቱ በወራት ውስጥ ከ18 ከመቶ ወደ 2 ከመቶ አካባቢ ወረደ፣ እነሱ ግን ተቀየሙት። አሁንም እኮ ሐኪሞች ታካሚ ሊያዩ ለራውንድ ሲገቡ የሚታጠበውን ቁጠር ብትለኝ…ይቅር። እኛም ጋ ችግር የለም አልልም፣ ጓንት አድርጎ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው መሄድ በጣም አለ፣ ጓንቱ የሚጠብቀው ራስን ብቻ ነው። ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ አንድ ነርስ ዋርድ ሙሉ ሰው ይዛ፣ በየታካሚው ታጠቢ ማለት ሲያወሩት ቀላል ነው። ለዛ ነው የእጅ ማጽጃ አልኮሉ በየአልጋው ራስጌ መኖር ያለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ቅመሙን ለሁሉም ክፍት አድርጎታል፣ 80 ከመቶ ኤታኖል፣ ትንሽ ግሊሰሪንና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ የሆስፒታሉ ፋርማሲ ራሱ ሊቀምመው ይችላል። ጄኔቭ ላይ በ1990ዎቹ እንደዚህ አድርገው እጅ የማጽዳቱ ነገር ከ48 ወደ 66 ከመቶ ቢወጣ ሆስፒታል ውስጥ የሚይዘው ኢንፌክሽን ከ17 ወደ 10 ከመቶ ገደማ ወርዷል። ልብ በሉ፣ እነሱም መቶ አልደፈኑም

ፋርማሲ ፒያሳ፦
ሁሉንም ሲንክ ላይ አትጫኑት እንጂ። ከጥቁር አንበሳ ቸርችልን ይዘህ ወደ ፒያሳ ስትወጣ ፋርማሲ አታጣም፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አንቲባዮቲክ መሸጥ ክልክል ነው፣ ግን ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ስጠኝ የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣል፣ ጉንፋን ቫይረስ ነው አይሰራም ስለው ያኮርፍና ቀጥሎ ያለው ቤት ይገባል፣ ግማሽ ስትሪፕ ብቻ ቁረጥልኝ የሚልም አለ። ሆስፒታልም ውስጥ ሴፍትሪያክሰን የሚባለው አንቲባዮቲክ እንደ ውሃ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ ይሰጥ ብሎ የመደበው መድሃኒት እኮ ነው። ሐኪሙን አልፈርድበትም፣ ካልቸር፣ ባክቴሪያውን አሳድጎ የማየቱ ምርመራ፣ ሁለት ሶስት ቀን ይፈጃል በሽተኛው ደግሞ አሁን እየተቃጠለ ነው። ግን ሴፍትሪያክሰኑ እምቢ ሲል ሜሮፔኔም ወደሚባለው ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ይኬዳል፣ ሜሮፔኔም እምቢ ካለ ግን የሚቀረው ጥቂት ነው፣ ያለውም ውድ ነው። በ2019 (በፈረንጆች) በዓለም ላይ ባክቴሪያ መድሃኒት በመቋቋሙ ምክንያት ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ተብሎ ተገምቷል

የልደታው ልጅ፦
ኧረ ተባረኩ። ለፋዘር ሙሉውን አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማና "እሺ ሲንኩ ላይ ተገኘ እንበል፣ ከዛ ሆስፒታሉ ምን ያደርጋል? ሲንክ ይነቅላል?" አለ። እኔም መልስ አጣሁ

ላብ ቴክ፦
አባትህ ጥሩ ነገር ጠየቁ። አንዳንድ ቦታ እውነትም ነቅለውታል። ብዙ ጊዜ ግን ውጤቱ ለኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴው ይሰጥና፣ ሲንኩ አጠገብ መርፌና ግሉኮስ እንዳይዘጋጅ፣ የተረፈ ሻይና መድሃኒት እንዳይደፋበት ይደረጋል፣ ባክቴሪያው በሱ ነው የሚቀለበው። በረኪና ብቻውን ብዙ አይቆይም፣ ከቀናት በኋላ ይመለሳሉ። እህትህን ከጽዳት በፊትና በኋላ ናሙና ትወስድ እንደሆነ ጠይቃት፣ ካልወሰደች ግን አሁኑኑ ትጀምር፣ ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቃት እሱን ነው

ሲስተር መ፦
የጽዳት ሰራተኞቹንም ስብሰባው ላይ ይጥሯቸው። ሲንኩን ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው