የሰሊጥ ማጓጓዣችን የፖሊዩረቴን ጥርስ ቺንጋ በሦስት ሳምንት ጥርሱ እየተላጨ ተቸገርን፤ ምን ዓይነት እንዘዝ?

ጠያቂ፦ አዘዞ ጥገና

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ በሚገኝ አነስተኛ የሰሊጥ ማበጠሪያ የጥገና ሥራ ኃላፊ ነኝ። የተበጠረውን ሰሊጥ ወደ ጆንያ መሙያው የሚያደርስ ማጓጓዣ አለን። የሚነዳው በ1.5 ኪሎዋት ሞተር ሲሆን፣ ከሞተሩ ጋር የተገጠመው ጊርቦክስ በደቂቃ 140 ዙር ይሰጣል። ከጊርቦክሱ ወደ ማጓጓዣው ከበሮ የሚያስተላልፈው ቲ10 የሚባለው፣ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር የሆነና ውስጡ የብረት ገመድ ያለው የፖሊዩረቴን ጥርስ ቺንጋ ነው። ትንሹ ፑሊ 20፣ ትልቁ 40 ጥርስ አላቸው፤ በሁለቱ ሻፍቶች መካከል ያለው ርቀት 400 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቀድሞ ሰንሰለት ነበረ፤ ቅባቱ ሰሊጡ ላይ እየተንጠባጠበ ስላስቸገረን አወጣነው።

ቺንጋው ከሦስት ሳምንት በላይ አይቆይም። የብረት ገመዱ ደህና ሆኖ ሳለ ጥርሶቹ ከሥራቸው እየተላጩ ይወድቃሉ። ሻጩ ኤቲ10 ከቲ10 ስለሚጠነክር እርሱን ውሰዱና በነበሩት ፑሊዎች ላይ ግጠሙት አለን። ርምጃቸው (ከአንዱ ጥርስ መሃል እስከ ቀጣዩ ጥርስ መሃል ያለው ርቀት) እኩል 10 ሚሊሜትር ስለሆነ ይሠራልን? ወይስ ስፋቱን ብቻ ብንጨምር ይበቃል?

መልስ፦ የማሽን ንድፍ

በመጀመሪያ የሻጩን ምክር አይቀበሉ። የቲ10 እና የኤቲ10 ርምጃ እኩል ነው፤ የጥርሱም ቁመት በሁለቱም 2.5 ሚሊሜትር ስለሆነ በካሊፐር ለሚለካ ሰው አንድ ይመስላሉ። ሆኖም የቲ10 ጥርስ ጎኖች የሚፈጥሩት ማዕዘን 40 ዲግሪ፣ የኤቲ10 ደግሞ 50 ዲግሪ ነው፤ የኤቲ10 ጥርስም ይበልጥ ወፍራም በመሆኑ በቲ10 ፑሊ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም። ወደ ኤቲ10 ሲለውጡ ሁለቱንም ፑሊዎች አብረው መለወጥ ይኖርብዎታል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ፣ 1.5 ኪሎዋት ትንሽ ስለሚመስል 25 ሚሊሜትር ይበቃል ብሎ ማሰብ ያሳስታል። በደቂቃ 140 ዙር ላይ የሚገኘው ቶርክ (የማዞር ኃይል) 9550 በ1.5 ተባዝቶ ለ140 ሲካፈል ወደ 102 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ባለ 20 ጥርሱ ፑሊ የርምጃ ዲያሜትሩ 63.66 ሚሊሜትር ስለሆነ ቺንጋውን የሚጎትተው ጉልበት 3200 ኒውተን ገደማ ነው። ይኸው ቺንጋ ከጊርቦክሱ በፊት፣ በደቂቃ 1400 ዙር በሚሽከረከረው የሞተር ሻፍት ላይ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው ፑሊ የሚሸከመው 320 ኒውተን ብቻ ነበር።

አሁን ይህን ጉልበት በጥርሶቹ ላይ እናከፋፍለው። በሰጡት ርቀት ቺንጋው ትንሹን ፑሊ የሚያቅፈው 171 ዲግሪ ያህል ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚይዙት ጥርሶች 9 ናቸው። አንዱ ጥርስ 356 ኒውተን ይደርሰዋል፤ ይህም ለ2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ሲካፈል በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር 142 ኒውተን ነው። የአምራቾችን ካታሎግ ቢከፍቱ ለቲ10 በዚህ ፍጥነት የሚፈቀደው የዚህ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሞተሩ ያለ ፍጥነት መቆጣጠሪያ በቀጥታ ሲነሳ ቶርኩ ለአፍታ ከመደበኛው እጥፍ ሊያልፍ እንደሚችል ደግሞ ያስቡበት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማጓጓዣው ሰሊጥ እንደተሸከመ ከሆነ የሚነሳው፣ ጥርሶቹ የሚላጩት በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል።

ስለዚህ ስፋቱን ከመጨመር በፊት ፑሊዎቹን ያሳድጉ። 32 እና 64 ጥርስ ቢያደርጓቸው የፍጥነቱ ንጽጽር ሳይለወጥ ጉልበቱ ወደ 2000 ኒውተን ይወርዳል። የሚይዙት ጥርሶች 14 ይሆናሉ፤ ይሁን እንጂ ርምጃው በሁሉም ጥርስ ላይ ፍጹም እኩል ስለማይሆን በፖሊዩረቴን ቺንጋ ስሌት ከ12 በላይ አይቆጠርም። ስፋቱን 50 ሚሊሜትር ካደረጉ በአንድ ጥርስ፣ በአንድ ሴንቲሜትር የሚያርፈው 34 ኒውተን ያህል ነው። ኤቲ10ን የምመርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ለአነሳሱ ድንጋጤ የሚበቃ ትርፍ ይኖረዋል። ርዝመቱ 1280 ሚሊሜትር፣ ማለትም 128 ጥርስ ቢሆን፣ ርቀቱ ወደ 397 ሚሊሜትር ይጠጋል።

መልስ፦ ቶርኖ ቤት

የወንድሜን ስሌት እቀበላለሁ። ሆኖም ጭነቱ ብቻውን በሦስት ሳምንት ይህን ያህል ጥፋት አድርሷል ለማለት ይከብደኛል። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ፑሊዎቹ ከፋብሪካ የመጡ ናቸው ወይስ እዚሁ የተቆረጡ? ባለ 20 ጥርሱን በካሊፐር ለክተው የውጭ ዲያሜትሩን ይጻፉልን። የብዙ ሰው ስህተት ይህ ነው፤ ፑሊው ጥርስ እስካለው ድረስ ትክክል ይመስለዋል።

ጠያቂ፦ አዘዞ ጥገና

ትልቁ ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው። ትንሹ ስላለቀ ከተማ ውስጥ ናሙናውን ሰጥተን በፍሬዛ (በብረት መቁረጫ ማሽን) አስቆረጥነው። አሁን ስለካው 62.4 ሚሊሜትር ነው።

መልስ፦ ቶርኖ ቤት

እንግዲያውስ ጥፋቱ ሁለት ነው፤ የጭነቱ ብዛትና የትንሹ ፑሊ ልክ። ባለ 20 ጥርስ የቲ10 ፑሊ የውጭ ዲያሜትሩ 61.80 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የርምጃው መስመር የሚያልፈው ከፑሊው ጠርዝ ውጭ፣ በቺንጋው ውስጥ ባለው የብረት ገመድ በኩል ስለሆነ፣ የውጭ ዲያሜትሩ ከ63.66 ያንሳል። ቆራጩ ያለቀውን ናሙና አይቶ ትንሽ ሞላ አድርጎታል። ትርፉ 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም በእያንዳንዱ ጥርስ ርምጃ ላይ 0.09 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል፤ ዘጠኙ ጥርስ ሲደመር 0.8 ሚሊሜትርን ያልፋል። በዚህ ጊዜ ጥርሶቹ ጭነቱን እኩል አይካፈሉም፤ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ብቻ ይሸከመዋል። ያ ጥርስ ሲላጭ ቀጣዩ ይከተላል።

አዲሶቹን ሲያስቆርጡ በናሙና ሳይሆን በሥዕል ይሁን፤ ለ32 ጥርስ የውጭ ዲያሜትር 100 ሚሊሜትር ብለው በግልጽ ይጻፉ። ለኤቲ10 ጎድጓዳ ቅርጽ የተሠራ መቁረጫ ከሌለ ግን እዚህ አያስቆርጡ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ይግዙ። የሻፍቱን ቀዳዳና የቁልፍ መስመሩን እኛ ጎንደር በደንብ እንሠራለን። ከትንሹ ፑሊ ግራና ቀኝ ክንፍ መኖሩንም አይርሱ፤ አለዚያ ቺንጋው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል።

መልስ፦ የማሽን ንድፍ

ስለ ዲያሜትሩ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሁለት ነገር ልጨምር። ቺንጋው ሲታሰር በእያንዳንዱ ወገን ያለው ቅድመ ውጥረት ቢያንስ የጉልበቱን ግማሽ፣ በእርስዎ ሁኔታ 1000 ኒውተን ያህል ይሁን። ይህ ማለት የጊርቦክሱ ሻፍት 2000 ኒውተን የጎን ጭነት ይሸከማል ማለት ስለሆነ፣ ኩሽኔታው ያንን መቻሉን ከጊርቦክሱ ካታሎግ ያረጋግጡ። ሲገጥሙም በብረት እየፈለቀቁ አያስገቡት፤ የብረት ገመዱ አንዴ ከታጠፈ እዚያው ቦታ ላይ ቆይቶ ይበጠሳል። የሞተሩን ቡሎኖች አላልተው ርቀቱን በማሳጠር ይግጠሙት።

ሁለተኛው ሰሊጡ ራሱ ነው። ፍሬው በቺንጋውና በፑሊው መካከል ሲገባ ይጨፈለቅና ጎድጓዳው ውስጥ ይጋገራል፤ ቺንጋውን ከፍ ስለሚያደርገው ፑሊው ሞላ ብሎ እንደተቆረጠ ያህል ይሆናል። ፖሊዩረቴን ዘይቱን ይችለዋል፤ የተጋገረውን ግን አይችለውም። በላሜራ ሸፍኑት፤ ከታች በኩል ግን የገባው እንዲወጣ ክፍት ይሁን። ሲያጸዱ የፈላ ውሃ አይጠቀሙ፤ አንዳንዱ የፖሊዩረቴን ዓይነት በሙቅ ውሃ እየተበላ ይሰነጠቃል።

ሌላው፣ ከቺንጋው ውጭ ቢሆንም፣ መደበኛ ሞተሮች የተመዘገበላቸውን ኃይል የሚሰጡት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች ሞተሩ ሙሉ ጭነት ላይ ከልክ በላይ መሞቁን በእጅዎም ቢሆን ይከታተሉ።

ጠያቂ፦ አዘዞ ጥገና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጊርቦክሱን አይቼዋለሁ፤ ለ64 ጥርሱ ፑሊ ቦታ እንዲኖር መቀመጫውን ወደ ታች 40 ሚሊሜትር ማውረድ ያስፈልጋል። ኤቲ10፣ ስፋት 50፣ ርዝመት 1280፣ ከ32 እና 64 ጥርስ ፑሊዎች ጋር ብዬ ጽፌ አዝዣለሁ። እስኪመጣ ድረስ ያለውን ቲ10 በግማሽ ጭነት እናሠራዋለን፤ ማጓጓዣውንም ሰሊጡ ሳይራገፍ እንዳያስነሱት ለሠራተኞቹ ነግሬያለሁ።