የላንጋኖው የፍጥነት ቀን፦ ረቂቁን አብረን እንጻፈው

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልን ወገኖች። ቅዳሜ ፒያሳ ማኪያቶ ላይ የተነሣችው ሐሳብ በወሬ እንዳትቀር ብዬ እዚህ አምጥቻታለሁ። ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። የእኔ ይኸውላችሁ፦ ላንጋኖ ሐይቅ ላይ አንድ የዊንድሰርፊንግ (ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ በነፋስ የመሄድ) የፍጥነት ቀን እናዘጋጅ። እሽቅድምድም አላልኩም። ሰው ጂፒኤሱን አስሮ ይወጣል፣ ነፋሱን ይዞ ይበራል፣ የፍጥነቱን ቁጥር ይዞ ይመለሳል። በቃ።

የጎደለውን ጨምሩ፣ ያልጣማችሁን ቁረጡ። አርብ ማታ ረቂቁን እዘጋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ጸሐፊያችን፣ ሐሳቡ አይከፋም። ግን ጉባኤው ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ፍጥነት ምን ያደርጋል? ቀስ ብለን ብንንሸራሸርስ?» ማለቱ አይቀርም። ያ ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ። እኔ ሐይቅ የምወርደው ከሜክሲኮ ትራፊክ ለመሸሽ ነው። እዚያም ሄጄ ልሩጥ እንዴ?

የካዛንቺሷ፦
ጋሼ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሸራ ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ። ደስ ይል ነበር፤ ግን እየተሻሻልኩ ይሁን አይሁን በምን ልወቅ? ዐምና አንድ ጓደኛዬ የጂፒኤስ ሰዓቱን አዋሰኝ። በልቤ 35 ኖት በርሬአለሁ ብዬ ነበር። ሰዓቱን ሳየው 21 ይላል! ማንም ሳያየኝ ለብቻዬ አፈርኩ።

21 ኖት በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ግን ሚኒባስ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ነው። እዚህ እግርሽ ከውሃው አንድ ስንዝር ነው፣ ቦርዱ ሥርሽ ይንቀጠቀጣል፣ ሸራው እጅሽን ይጎትታል። 39ኙ 90 መስሎ ቢሰማኝ አይፈረድብኝም። ከዚያ ወዲህ የማሳድደው ሰው የለም፤ ያቺን 21 ነው። 22 የሆነች ቀን ለእናቴ ደወልኩላት። «ደሞ 22 ምንድን ነው? ዕድሜሽ አለፈ እኮ» አለችኝ።

የአራት ኪሎው መሐንዲስ፦
እህቴ ያለችው ነገር ረቂቁ ውስጥ ይግባ። የዚህ ስፖርት ጣዕሙ እዚያ ጋ ነው። በተራው ውድድር የዳኛ ጀልባ ያስፈልጋል፣ የመነሻ መስመር ያስፈልጋል፣ የማለፍ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በፍጥነት ግን ውሃ፣ ነፋስና መለኪያ ካለ ይበቃል።

ትልልቆቹ የሚለኩት በ500 ሜትር ነው። የዓለምን የሸራ ፍጥነት ክብረ ወሰን የሚያጸድቀው ምክር ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ዋናው ሜዳ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ነው። ናሚቢያ፣ ሉደሪትዝ። በረሃው ዳር ለዚህ ብቻ ተብሎ ጠባብ ቦይ ተቆፍሯል፤ ውሃው እንዳይናወጥ። ፈረንሳዊው አንቷን አልቦ እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያ 53.27 ኖት በረረ። 500 ሜትሩን ለመጨረስ ከ18 ሰከንድ ብዙም አልፈጀበትም። ቢዮርን ደንከርቤክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያው ቦይ ላይ፣ ለአፍታም ቢሆን በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ።

እኛ ቦይ አንቆፍርም።

ገንዘብ ያዥ፦
ተመስገን።

ሰብሳቢ፦
ልጆች፣ ነገሩን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም።

ለፍጥነት የተረጋጋ ውሃ ትፈልጋላችሁ። የተረጋጋ ውሃ የሚገኘው ነፋሱ ከየብስ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ በሚነፍስበት ዳርቻ ነው፤ ማዕበሉ ለመነሣት ገና ርቀት አላገኘምና። አሁን አስቡት። ያ ነፋስ ሰውን ወዴት ነው የሚወስደው? ወደ መሀል። ለፍጥነት ምርጥ የሆነው ቦታ ዕቃ ሲሰበር ደግሞ ክፉ ቦታ ነው።

ይህን የማወራው ስለደረሰብኝ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ከአንድ ማረፊያ ቦርድ ተከራይቼ ወጣሁ። የምሰሶው መያዣ ተሰበረ። ሸራዬ ውሃ ላይ ተኛ፣ እኔም ቦርዱ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ነፋሱ እየገፋ ወሰደኝ። ሰዎቹ የሞተር ጀልባ ነበራቸው፤ ቤንዚን ግን አልነበራትም። ቤንዚን ፍለጋ ሰው መንገድ ድረስ ሄዶ እስኪመለስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀልባ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው የቤንዚኑን ነው።

ስለዚህ ታንኳ ሳይሆን የሞተር ጀልባ፣ ሞተሩ ተነሥቶ የተሞከረ፣ ቤንዚኑ የተሞላ፣ ሰው የተቀመጠበት። እሷ ከሌለች ማንም ውሃ አይገባም። ይህ ለድምፅ አይቀርብም።

የካዛንቺሷ፦
እስማማለሁ። ሄልሜትና ላይፍ ጃኬትም ይጨመር።

የስታዲየሙ፦
ለምን ቢሾፍቱ አናደርገውም? ባቦጋያ ቅርብ ነው። 50 ኪሎ ሜትር የት፣ 200 ኪሎ ሜትር የት?

ሰብሳቢ፦
ባቦጋያ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ዙሪያው ገደል ስለሆነ ነፋሱ እየተጠማዘዘ ነው የሚገባው። አንዴ ይመታሃል፣ አንዴ ይጠፋል። ለመማር መልካም ነው፣ ለቁጥር አይሆንም። ላንጋኖ ሰፊ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ውሃው ቡናማ መሆኑን አትዩ። ሰው ቢልሃርዚያ ሳይፈራ የሚዋኝበት ሐይቅ ነው።

የአራት ኪሎው መሐንዲስ፦
ቦታው ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ላንጋኖ ከባሕር ወለል 1,580 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ባሕር ዳር ካለው 15 በመቶ ያህል ይሣሣል። 20 ኖት የሚነፍስ ነፋስ ሸራችንን የሚገፋው እንደ 18 ኖት ነው። ውሃው ግን አልሣሣም፤ ቦርዱን የሚይዘው ያው እንደ ባሕሩ ነው። ስለዚህ ባሕር ላይ በ6 ሜትር ካሬ ሸራ የሚሄድ ሰው እዚህ 7 ያስፈልገዋል።

የራሳችንን ቁጥር ከናሚቢያ ጋር እያነጻጸርን አንዘን። የእኛ ኖት ደጋ የበቀለ ነው።

ጸሐፊ፦
«ደጋ የበቀለ ኖት» ረቂቁ ውስጥ አይገባም፤ ግን ወድጄዋለሁ። አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ምኑን ነው የምንለካው?

የስታዲየሙ፦
ከፍተኛውን ነዋ! በሁለት ሰከንድ የተገኘውን። ሰው ሲያወራ የሚጠራው እሱን አይደል?

የአራት ኪሎው መሐንዲስ፦
ወንድሜ፣ ሁለት ሰከንድ አጭር ናት። ደህና መለኪያ ፍጥነትን የሚያነበው ከሳተላይት በሚመጣው ምልክት ለውጥ ነው፤ ዶፕለር የሚሉት። ጥሩ ይሠራል። ግን ሰዓቱ እጅህ ላይ ነው ያለው። ስትወድቅ እጅህን ስታወናጭፍ ሰዓቱ የእጅህን ፍጥነት ይመዘግባል። በአወዳደቁ ያሸነፈ ሰው እንዳናይ። 500 ሜትር ደግሞ ለጀማሪ ይረዝማል፤ በ25 ኖት 39 ሰከንድ ያህል ሳይሳሳቱ መቆም ነው። እኔ 10 ሰከንድ እላለሁ። በ10 ሰከንድ የተገኙ አምስት ምርጥ ሩጫዎች ይወሰዱና አማካያቸው ይያዝ። አንዴ በዕድል ይገኛል፣ አምስቴ ግን አይገኝም።

የካዛንቺሷ፦
አምስቱ ጥሩ ነው። ግን ቀጥታ ሩጫ ብቻ ከሆነ ከባድ ሰው ይጠቀማል፤ ትልቅ ሸራ ደፍሮ ይይዛል። እኔ 54 ኪሎ ነኝ። አልፋ የሚባለው ይጨመርልኝ። ትሄጃለሽ፣ ዞረሽ ትመለሻለሽ፤ ጠቅላላው ከ500 ሜትር አይበልጥም፣ መጨረሻሽም ከመነሻሽ በ50 ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። መዞር ያልቻለ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ስም አልጠራም።

የስታዲየሙ፦
ገብቶኛል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለት ሠንጠረዥ ይሁን፤ ገንዘብ እስካልጠየቀ ድረስ። ዋንጫ አንገዛም። ለቤንዚን፣ ለሄልሜትና ለሁለት የጋራ ጂፒኤስ ከመዋጮ ይወጣል። ትራንስፖርት እያንዳንዱ በራሱ። ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ ነፋስ ባይመጣስ? ላንጋኖ ድረስ ወርደን ሐይቅ ስናይ ልንውል ነው?

ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ያ እርስዎ የጠየቁት ሽርሽር ነው እኮ።

በሉ፣ የደረስንበትን ጻፍኩ፦

«ማኅበራችን በላንጋኖ አንድ የዊንድሰርፊንግ የፍጥነት ቀን እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። ዓላማው አባላት የራሳቸውን ፍጥነት አውቀው እንዲያሻሽሉ ነው። ዋናው ሠንጠረዥ የአምስት የ10 ሰከንድ ሩጫዎች አማካይ ይሆናል፤ ሁለተኛው አልፋ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የሸራው ስፋት ይጻፋል። የሩጫው ዳርቻ በዕለቱ ነፋሱ ታይቶ ይመረጣል። የተሞከረና ቤንዚን የተሞላ የሞተር ጀልባ ውሃ ላይ ሳይኖር፣ ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት ሳይደረግ ማንም አይገባም። ነፋሱ እስከ 9 ሰዓት 15 ኖት ካልደረሰ ልኬቱ ይሰረዝና ቀኑ የልምምድ ቀን ይሆናል።»

ሰብሳቢ፦
«ሞተሩ ጠዋት በሰብሳቢው ፊት ተነሥቶ» የሚል ይጨመር። የቀረው ደህና ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም ፈርሜአለሁ። ለመሮጥ ግን አልተመዘገብኩም። ጀልባዋ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ቤንዚኑን የገዛ ሰው ቢጠብቀው ይሻላል።