ቡገንቪሊያዬ ቅጠሉ ለምልሞ አበባ እምቢ አለ

ባለ በረንዳ
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ በ20 ሊትር የፕላስቲክ ፖት የተተከለ ቡገንቪሊያ አለኝ። ሲገዛ ደማቅ ሐምራዊ ነበር፤ አሁን ግን ረጃጅም ቅርንጫፍ፣ ቅጠልና እሾህ ብቻ ነው። በረንዳው ወደ ምሥራቅ ቢያይም ፊት ለፊት ያለው ሕንጻ ስለሚከልለው ፀሐይ የሚያገኘው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ውሃ በየቀኑ አንድ ጆግ ይጠጣል፤ በወር አንዴ ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ በውሃ ተበጥብጦ ይሰጠዋል። በሽታ አይታይበትም። ወደ ትልቅ ፖት ላዛውረው?

የችግኝ ሰው
ኧረ አያዛውሩት! የጎደለው ፀሐይ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በዝቶበታል።

ቡገንቪሊያ በደንብ እንዲያብብ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። በ2 ሰዓት ተኩል ይኖራል እንጂ አያብብም። እሾሁም አበባውም የሚወጡት ከቅጠሉ ብብት፣ ማለትም ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ነው። ብርሃን ሲያንስና ተክሉ በጉልበት ሲያድግ ቡቃያው እሾህ ሆኖ ይቀራል፤ ለዚህ ነው እሾህ የበዛብዎት።

ዩሪያውን ዛሬውኑ ያቁሙ። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠል ነው የሚያሳድገው። አፈሩ ውስጥ የቀረውን ለማጠብ ወደ 40 ሊትር ውሃ ቀስ እያሉ አፍስሰው ከሥር ባለው ቀዳዳ እንዲወርድ ያድርጉ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቢያደርጉት ይሻላል፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ልብስ አስጥተው ይሆናል። ከዚያ በኋላ እምቡጥ እስኪያዩ ድረስ ምንም ማዳበሪያ አይስጡት።

ፖቱን በተመለከተ፦ የቡገንቪሊያ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ነው። አፈሩ ሲፈረካከስ ሥሩ ይበጠስና ቅጠሉን ያራግፋል። ደግሞም ሥሩ ፖቱን ሞልቶ ሲጨናነቅ የተሻለ ያብባል፤ ሰፊ ፖት የሚሰጠው ቅርንጫፍ ነው። ማዛወር የሚያስፈልገው ጠግቦ ጠጥቶ በማግሥቱ የሚጠወልግ ከሆነ ነው። ያኔም ወርዱ 5 ሳንቲሜትር ብቻ የሚበልጥ ፖት ይፈልጉና አበባው ካለፈ በኋላ ያዛውሩት።

ደቡብ ገጽ
ፀሐዩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በበጋ ወራት ረጅም ፀሐይ የሚያገኘው ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ ነው። ወደ ሰሜን የሚያየው ደግሞ ፀሐይ የሚገባው በአብዛኛው ክረምቱ ደመና በሚሆንበት ጊዜ ስለሆነ ለቡገንቪሊያ አይረባም። ሌላ በረንዳ ከሌለ ጣሪያ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ቦታ ይለምኑ። ሲያወጡት ግን በአንዴ ሙሉ ፀሐይ ላይ አይጣሉት፤ ጥላ የለመደ ቅጠል ይቃጠላል። ለአንድ ሳምንት ያህል የጠዋት ፀሐይ ብቻ ያግኝ።

ባለ በረንዳ
አመሰግናለሁ። ጣሪያ ላይ ቦታ ይገኛል። ውሃውስ ምን ያህል ልቀንስ?

የችግኝ ሰው
በቀን ቁጥር አይሂዱ፣ ተክሉን ይመልከቱ። አዲሱን ቦታ ከለመደ በኋላ ውሃውን ያቁሙ። ጣትዎን እስከ 5 ሳንቲሜትር አስገብተው ደረቅ ሲሆንና ቀትር ላይ የጠወለገው ቅጠል እስከ ማታ ካልተነሣ ግማሽ ሊትር ብቻ ይስጡት፤ ከዚያ እንደገና እስኪጠወልግ ይጠብቁ። ከ3 እስከ 4 ሳምንት በዚህ መልክ ከተያዘ ቀንበጡ ጫፍ ላይ ጥቃቅን እምቡጦች ይታያሉ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ በብዛት መርገፍ ከጀመረ ግን ማስጠማቱን ከልክ አሳልፈውታል ማለት ነው፣ ወዲያው ያጠጡት። አዲስ ለተተከለ ወይም ለታመመ ተክል ይህን ዘዴ አይጠቀሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ እምቡጥ ከታየ በኋላም ማድረቁን ይቀጥላል፣ እምቡጡም ይረግፋል። እምቡጡን ሲያዩ ወደ መደበኛው ይመለሱ፤ ውሃው ከሥር እስኪወጣ አጠጥተው የላይኛው አፈር ሲደርቅ ይድገሙ። በጣም የደረቀ አፈር ከፖቱ ግድግዳ ስለሚላቀቅ ውሃው በጎን ሾልኮ ይወርዳል። ስለዚህ ግማሹን ያፍስሱ፣ ሩብ ሰዓት ቆይተው ቀሪውን።

በክረምት ማስጠማት ከንቱ ድካም ነው፣ ዝናቡ ያፈርሰዋል። መስከረም አጋማሽ ላይ ይጀምሩ።

መቀሱ
ከማስጠማቱ በፊት ግን ይገረዝ። አበባው የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው፣ ያረጀ ረጅም ቅርንጫፍ ጉልበት ብቻ ይበላል። ቀጥ ብለው የተመዘዙትን በግማሽ፣ ሌሎቹን ከጫፋቸው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይቁረጡ። ወፍራም ጓንት አይርሱ። ቀንበጦቹ አንድ ስንዝር ሲሆኑ ማስጠማቱን ይጀምሩ። ከዚያ በኋላ መቀስ አይንካቸው፤ አጥራቸውን በየወሩ የሚያስተካክሉ ሰዎች አበባ የማያዩት እምቡጡን አብረው ስለሚቆርጡት ነው።

ከቆረጡ በኋላ አበባ እስኪያዩ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ሙቀቱ ይወስነዋል። ድሬዳዋ ፈጠን ይላል፤ አዲስ አበባ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ዘግይተው ከገረዙት አዲሱ ቀንበጥ ባለበት ይቆማል።

ደቡብ ገጽ
ማዳበሪያ ሲጀምሩ አመድ የሚመክርዎት አይጠፋም። ፖታሲየም ስላለው መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ እፍኝ ይበቃል። ሲበዛ አፈሩ የአሲድነት ባሕርዩን ያጣና ተክሉ ብረት መውሰድ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው በጅማቶቹ መሐል ያለው ቢጫ ይሆናል። ከዩሪያ ጋር አንድ ላይ ከጨመሩት ደግሞ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ሁለት እፍኝ፣ እምቡጥ ሲታይ አንዴ፣ ለ20 ሊትር ፖት ከበቂ በላይ ነው።