ሼናንዶዋ ወንዝ ላይ ካያክ፦ ዋና ለማንችል ሰዎች የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ (ማኪ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ሰላም ቤተሰብ። ፍልሰታ ኦገስት 7 ሳይገባ፣ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜን ሼናንዶዋ ላይ ካያክ (አንድ ወይ ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ ጀልባ) ልንቀዝፍ አስበናል። ከመሀላችን ሁለታችን ዋና አንችልም። የ10 ዓመት ልጄም ካልወሰድሽኝ ብሎ አፋጦ ይዞኛል። ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ከአስጎብኚ ጋር የሚኬድ አለ፤ ቤንተንቪል ደግሞ ጀልባውን ያከራዩና ራሳችሁ ቅዘፉ ይላሉ። አስጎብኚ ያለበት ይሻላል ብዬ ልከፍል ስል ጓደኛዬ «ቆይ እስቲ ጠይቂ» አለችኝ። ምን ይለበሳል? ስልክና የመኪና ቁልፍስ?

ቀዛፊው
ጓደኛሽ ልክ ናት። ሃርፐርስ ፌሪ አስጎብኚ የሚመደበው ውሃው ስለሚያስቸግር ነው። ሼናንዶዋ ከፖቶማክ ወንዝ የሚገናኝበት ቦታ ነው፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ «ስቴርኬዝ» የሚሉት ድንጋያማ ቁልቁለት አለ። የወንዝ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይወጣለታል፤ እዚያ እስከ 3 ይደርሳል፣ መገልበጥም ያለ ነገር ነው። ቤንተንቪል ያለው ሳውዝ ፎርክ የሚባለው የሼናንዶዋ ቅርንጫፍ ግን ባብዛኛው 1 ነው፣ አልፎ አልፎ 2። በአንድ በኩል ብሉ ሪጅ፣ በሌላው ማሳኑተን ተራራ፣ መሀል ላይ አንቺ። ለእናንተ እሱ ነው።

ሰላም
ሃርፐርስ ፌሪንም ቢሆን አታጥላሉት እንጂ! ዋና የማትችል ዘመዴ በትልቁ የጎማ ጀልባ ሄዳ ደስ ብሏት ነው የመጣችው፣ ምክንያቱም አስጎብኚው እዚያው ጀልባ ውስጥ ሆኖ «ቅዘፉ፣ አቁሙ» ይላል። በካያክ ከሆነ ግን እሱ በራሱ ጀልባ ነው፣ አንቺ በራስሽ። ለልጁ የዕድሜና የክብደት ገደብ ስለሚኖራቸው ሳትከፍዪ ደውለሽ ጠይቂ።

ነርሷ
ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ) ከመሳፈራችሁ እስክትወርዱ አይወልቅም፣ ዋናተኛ ነኝ ባዩም ጭምር። ልጁን አልብሰሽ ትከሻው ላይ ያዢና ወደ ላይ ሳቢው፤ ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፍቶታል፣ አስቀይሪ። ከጀልባ ከወደቃችሁ ደግሞ በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክሩ። እግር ድንጋይ መሀል ይሰነቀራል፣ ውሃው ከኋላ ይገፋል፣ ወገብ በማይደርስ ውሃ ሰው የሚሰጥመው እንደዚያ ነው። በጀርባ ተኙ፣ እግር ወደ ፊት ውሃው ወደሚሄድበት፣ ጣቶቻችሁ ከውሃው በላይ ይታዩ። የወደቀ ዛፍ ካያችሁ ከሩቁ ሽሹ፤ ውሃው በቅርንጫፉ መሀል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም።

ማኪ
እሺ፣ ቤንተንቪል ይሁን። ግን በኦገስት ውሃው ስለሚቀንስ ጀልባ መጎተት አለ ይባላል። አትቁሚ ካላችሁኝ በምን ልጎትት?

ቀዛፊው
ውሃው ዝም ባለበትና ከቁርጭምጭሚት በማያልፍበት ቦታ ወርደሽ ትጎትቻለሽ፣ ችግር የለውም። የተከለከለው በሚገፋ ውሃ ውስጥ መቆም ነው። ስለዚህ ክፍት ሰንደል ይቅርባችሁ፣ አሮጌ ስኒከር አድርጉ።

ጋሽ ታዬ
ልጄ፣ ጂንስ እንዳትለብሺ። ከረጠበ አይደርቅም፣ ይከብድሻልም። ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ፣ ገመድ ያለው ኮፍያ፣ መነጽር ካለሽ ማሰሪያ። ስልኩን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርገሽ ጀልባው ላይ እሰሪው። ቁልፉን ቢሯቸው የሚያስቀምጡ አሉ፣ ካልሆነ እዚያው ከረጢት ውስጥ። ውሃ በደንብ ያዙ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎም አይጠፋም። ደግሞ በጠዋት ጀምሩ። በዚህ ወቅት እዚያ መብረቅና ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከውሃው ውጡ።

ማኪ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዋዜማውን ቢዘንብስ፣ እንሰርዝ?

ጋሽ ታዬ
የወንዙን ውሃ ከፍታ ቁጥር እዩ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የሳውዝ ፎርክን ውሃ ሉሬይና ፍሮንት ሮያል ላይ ይለካል፣ ድረ ገጹ ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ዘሎ ካደረ፣ ወይ ውሃው ደፍርሶ ግንድ የሚያወርድ ከሆነ ይቅር። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ለአከራዮቹ ደውሉ። ስታስይዢም በውሃው ከፍታ ምክንያት ከተሰረዘ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል ብለሽ ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ ቀን ብቻ ነው የሚቀይሩት።