ለቀድሞ መሪ ብሔራዊ መታሰቢያ ሲሠራ ገንዘቡን ማን ያውጣ?

ክርክሩን የከፈተችው፦

ለቀድሞ መሪ ብሔራዊ መታሰቢያ ይሠራ ከተባለ ወጪውን መንግሥት ከበጀት ይሸፍን። ሙሉውን። «ወዳጆቹ ያዋጡ፣ ባለሀብት ይርዳ» የሚባለው አይዋጥልኝም። ብሔራዊ ካልነው የሁላችንም ነው። የሁላችንም ከሆነ ጉዳዩ ምክር ቤት ይቅረብ፣ በግልጽ ይከራከሩበት፣ ድምፅ ይሰጥበት። በመዋጮ ሲሆን ይህ ሁሉ ይዘለላል።

ማስረጃዬን ከዋሽንግተን ከተማ ላምጣ፤ ለመሪዎች መታሰቢያ በመሥራት ብዙ የተጨቃጨቁት እዚያ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ። ለጆርጅ ዋሽንግተን ሐውልት የሚያሠራው ማኅበር በ1833 ተቋቋመ። የግል ማኅበር ነበር። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው በዓመት ከ1 ዶላር በላይ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ሀብታም ሐውልቱን እንዳይገዛው ነው። ገንዘቡ ግን እንደታሰበው አልመጣም። የመሠረት ድንጋዩ በ1848 ተቀመጠ፤ በ1854 ግንባታው 46 ሜትር ገደማ ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ካቶሊኮችን የሚጠላ ቡድን ከሮማው ሊቀ ጳጳስ የተላከውን ድንጋይ ሰረቀ። በዓመቱ ደግሞ ማኅበሩን ራሱን ያዘው። ሐውልቱ ከ20 ዓመት በላይ ጉቶ ሆኖ ቀረ። በ1876 የአሜሪካ ምክር ቤት፣ ኮንግረስ፣ ተረክቦ ከበጀት ከፈለና በ1884 መጨረሻ ላይ 169 ሜትሩ ሞላ።

ዛሬም ቀና ብሎ ያየ ሰው አይስተውም። ከሩብ ትንሽ አለፍ ብሎ የድንጋዩ ቀለም ይለወጣል፤ ከሌላ የድንጋይ ማውጫ የመጣ እምነ በረድ ነው። መዋጮው የት ላይ እንዳለቀ ግድግዳው ራሱ ያሳያል።

ተቃዋሚው፦

እህቴ፣ ታሪኩ ልክ ነው። ግን አንድ ሰው ረሳሽ። በዚያ መሪ ዘመን የታሰረው፣ ልጁን ያጣው ሰውም ግብር ይከፍላል። የእሱን ገንዘብ ወስደሽ ላሰረው ሰው ሐውልት ልታቆሚ ነው? የወደደ ያዋጣ ሲባል ቢያንስ ማንም አይገደድም።

ደግሞስ የመንግሥት ገንዘብ ሥራ ያፋጥናል ያለው ማነው? የፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን መታሰቢያ ተመልከች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጦሩን ኖርማንዲ ላይ ያወረደው ጄኔራል ነው። ኮንግረስ ኮሚሽን ያቋቋመው በ1999 ነው፤ የተመረቀው በመስከረም 2020። ወጪው ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ አብዛኛው ከመንግሥት ካዝና የወጣ ነው። አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ ሰውየውን ባዶ እግሩን ያለ የካንሳስ ልጅ አድርጎ ሊያሳየው አሰበ። ቤተሰቡ ተቆጣ። ግዙፉን የብረት መጋረጃም አልወደዱትም። ዲዛይኑ እየተከለሰ፣ እንደገና እየተከለሰ ዓመታት ሄዱ። በመጨረሻ መጋረጃው ላይ የካንሳስ ሜዳ ቀርቶ የኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ገባ። ከኪሱ የማያወጣ ሰው አይቸኩልም።

የታሪክ መምህሩ፦

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም የምትነሱት «ገንዘብ የሰጠ ይወስናል» ከሚለው ነው። እኔ ደግሞ እዚያው ላይ አልስማማም።

በ1865 ባርነትን ያስቀረው ፕሬዚዳንት ሊንከን ሲገደል ሻርሎት ስኮት የምትባል ሴት ነበረች። ከባርነት የወጣች ናት። ነጻ ሆና ያገኘችውን የመጀመሪያ 5 ዶላር ለሊንከን መታሰቢያ ይሁን ብላ ሰጠች። ሌሎች ነጻ የወጡ ሰዎች ተከተሏት። አብዛኛውን ያዋጡት ጥቁር ወታደሮች ናቸው፤ ከደመወዛቸው። እንዲህ ያለ መዋጮ ሲነሳ ሆዴ ይባባል። ገንዘቡን የያዘውና ዲዛይኑን የመረጠው ግን ነጮች የሚመሩት ኮሚሽን ነበር። ምን ተሠራ? ሊንከን ቆሞ እጁን ዘርግቷል፤ እግሩ ሥር ሰንሰለቱ የተበጠሰ ጥቁር ሰው ተንበርክኳል።

በ1876 ሲመረቅ ንግግር ያደረገው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። እሱም ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው። ከምረቃው በኋላ ለጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጥቁሩ ሰው ተንበርክኮ ሳይሆን እንደ ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ የሚታይበት ሐውልት ከመሞቴ በፊት ማየት እመኛለሁ አለ። የከፈሉት ሰዎች ራሳቸውን ተንበርክከው አገኙት። በቦስተን የነበረው ቅጂ በ2020 ተነሥቷል፤ የዋሽንግተኑ አሁንም አለ።

ስለዚህ ማን ይክፈል ከማለታችሁ በፊት ዲዛይኑን የሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ማን ይቀመጥ በሉ።

መሐንዲሷ፦

ጋሼ ያሉትን እቀበላለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ጥገናው ነው። ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያይም። አንድ የመታሰቢያ ፏፏቴ ላይ ሠርቻለሁ። በተመረቀ በሁለተኛው ዓመት ፓምፑ ተቃጠለ። መለዋወጫ የሚገዛበት የበጀት መደብ አልነበረም፤ ማንም አላሰበውም። ገንዳው ደረቀ፣ ቆሻሻ ሞላው። በዚያ ሰው ስም እንዲህ ከሚሆን ባይሠራ ይሻል ነበር።

የአሜሪካ የ1986ቱ የመታሰቢያ ሕግ ሁለት ነገር አለው፤ ሁለቱንም እወደዋለሁ። አንደኛ፣ በፌዴራሉ መሬት ላይ የሚሠራ ከሆነ የግንባታ ወጪውን 10 በመቶ የሚያክል ገንዘብ ለጥገና አስቀድሞ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ሰውየው ከሞተ 25 ዓመት ሳይሞላው መታሰቢያ አይፈቀድም። በሐዘን ሰሞን የተሣለ ንድፍ ትልቅ ይሆናል። ሐዘኑ ሲበርድ የሚቀረው ኮንክሪቱ ነው።

ተቃዋሚው፦

ትልቅ ይሆናል ካልሽ ሩዝቬልትን ላንሳ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሕይወት እያለ ለወዳጁ ለዳኛ ፍራንክፈርተር ነግሮታል፦ መታሰቢያ ካስፈለገኝ ከዚህ ጠረጴዛዬ የማይበልጥ ድንጋይ ይበቃኛል፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፊት ለፊት አድርጉልኝ። ወዳጆቹ አዋጥተው በ1965 ልክ እንዳለው አደረጉት። ተራ እምነ በረድ ነው፤ ከስሙና ከዓመታቱ በቀር ብዙም አልተጻፈበትም።

መንግሥት ደግሞ በ1955 ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ያ መታሰቢያ የተከፈተው በ1997 ነው። ከ40 ዓመት በላይ! ወጪው ወደ 48 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ቦታው ከ7 ኤከር በላይ፣ 3 ሄክታር ገደማ። ኑዛዜውን ያከበረው የትኛው ገንዘብ ነው?

በዚያ ላይ ሰውየው በፖሊዮ ምክንያት መራመድ አይችልም ነበር። ትልቁ ሐውልቱ ካባ ለብሶ የተቀመጠ ነው፤ ካባው ሁሉን ይሸፍናል። ከኋላ ዞሮ ያጎነበሰ ሰው ብቻ የወንበሩን ትንንሽ ጎማዎች ያያል። አካል ጉዳተኞች ተቃወሙ። ማኅበራቸው 1.65 ሚሊዮን ዶላር አሰባስቦ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠው ሐውልት በ2001 መግቢያው ላይ ቆመ። ኮሚሽኑ የደበቀውን መዋጮ ገለጠው።

ክርክሩን የከፈተችው፦

ወንድሜ፣ ይሄኛው ነካኝ። በሩዝቬልት ድንጋይ ላይ አልከራከርህም። እሱ የወዳጆች መታሰቢያ ነው፤ በወዳጆች ገንዘብ መሠራቱም ያምርበታል። «ሕዝቡ አቆመው» ብሎ አይናገርም። ቅር የሚለኝ ጥቂት ሰዎች ከፍለው በሁላችን ስም ሲናገሩ ነው።

ስለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ሐውልቱ እንዲጨመር በ1997 የፈቀደው ኮንግረስ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ተቃወሙ፣ ሕግ ወጣ፣ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ መጣ። ዶላር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ማን በር ይከፍትላቸው ነበር? የሻርሎት ስኮት 5 ዶላር አልከፈተላትም።

የጋሼን ነገር ስሰማ የራሴን ሐሳብ ማስተካከል እንዳለብኝ ገባኝ። በጀት ብቻውን አይበቃም። ንድፍ ከመሣሉ በፊት የወጪው ጣሪያ በሕግ ይጻፍ። የጥገናው ገንዘብ ቀድሞ ይቀመጥ። 25 ዓመቱን አልለቅም፤ ደጋፊዎቹ ቢያለቅሱም አልለቅም። መራጩ ኮሚቴ ውስጥ በዚያ ዘመን የተበደሉ ሰዎች ወንበር ይኑራቸው፤ ለምክር ሳይሆን ለድምፅ።

ያልከው እስረኛ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለእሱ ብዬም ነው በጀት የምለው። ግብሩ ከገባበት «የታሰርኩበት ታሪክ ግድግዳው ላይ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በመዋጮ ከተሠራ «አንተ መች ከፈልክ?» ይሉታል።

ተቃዋሚው፦

ለተበደሉት ወንበር የሚለውን በሕግ ካስገባሽ ግማሹን እቀበላለሁ። ቀሪው ላይ ግን መልሺልኝ። ያ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ገብቶ «ጭራሽ አይሠራ» ቢልስ? ድምፁ ሥራውን ያስቆመዋል ወይስ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ ይቀራል?