እምነቱን የሚተው ሰው ሸሽቶ ነው ወይስ አስቦ?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ልግባበት። አንድ የልብ ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት «ከእንግዲህ በፈጣሪ አላምንም» አለኝ። አብረን ያደግን፣ አብረን የጸለይን ልጅ ነው። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ ተኳርፈን ተለያየን። የኔ አቋም ይሄ ነው። ሰው ከእምነት የሚወጣው በአብዛኛው አስቦ ሳይሆን መታዘዝ ከብዶት ነው። መጀመሪያ አኗኗሩ ይለወጣል፤ ከዚያ ለአኗኗሩ የሚመች ሐሳብ ፈልጎ ይለጥፍበታል። ሳይንስ፣ ፍልስፍና ምናምን የሚባለው በኋላ የሚመጣ ሰበብ ነው። ተሳስተሃል የሚል ካለ ያስረዳኝ፣ እሰማለሁ። ስድብ ግን ይቅርብን።

የሂሳብ መምህሩ፦
እኔ ከወጡት አንዱ ነኝ። ስለሌላው አላውቅም፣ ስለራሴ ልንገርህ ወንድሜ። ማመን ያቆምኩት በ29 ዓመቴ ነው። «ያቆምኩት» የሚለው ቃል ራሱ ልክ አይደለም። ሰው እምነትን እንደ ሲጋራ ወስኖ አያቆምም። አንድ ቀን ስፈልገው አጣሁት ብል ይቀለኛል። ከዚያ በፊት ወደ 6 ዓመት ተጨንቄያለሁ፤ ሌሊት እየተነሳሁ «እባክህ አትልቀቀኝ» እያልኩ ስንቴ እንደጸለይኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ኃጢአት የጣፈጠው ሰው እንዲህ ያደርጋል? ያኔም አልጠጣም ነበር፣ ዛሬም አልጠጣም። ትዳሬም ያው ትዳር ነው። ያጣሁት ግን ብዙ ነው። እናቴ እንደ ድሮው አታየኝም፣ የልጅነት ጓደኞቼ ርቀውኛል፣ ሞትን ሳስብ የምደገፍበት ነገር የለኝም።

ጥያቄዬ ከአንድ ቦታ ነው የተነሳው። ከሌላ እምነት ተከታዮች ብወለድ ኖሮ ያንን እምነት በዚሁ እርግጠኝነት እይዘው አልነበር ወይ? ታዲያ እርግጠኝነቴ የሚያሳየው እውነትን ነው ወይስ የተወለድኩበትን ቤት? ይህን ለሦስት ሰዎች አቀረብኩ። ሦስቱም «እንዲህ አይጠየቅም» አሉኝ። አንዳቸው እንኳ «እኔም አስቤው አውቃለሁ» ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ጠያቂው፦
ከልብህ ስለተናገርክ አከብርሃለሁ። ግን ከቤት የተማርከው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም እኮ። ማባዛትንም ከሰው ነው የተማርከው።

የሂሳብ መምህሩ፦
ማባዛትን ማንም የትም ቢወለድ ቁጭ ብሎ ቢያሰላው ያው መልስ ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ እሱ ነው።

የሃይማኖት አስተማሪው፦
ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ገፋ ያለ ነው፤ ብዙ ዘመን አስተምሬያለሁና ልግባ። «እንዲህ አይጠየቅም» ያሉህ ሰዎች በድለውሃል ልጄ። ኢዮብ እኮ ፈጣሪን ፊት ለፊት ሞግቷል። በመጽሐፉ መጨረሻ ቁጣው የነደደው በማን ላይ ነው? ለፈጣሪ ጠበቃ ነን ብለው ኢዮብን ሲወነጅሉ በነበሩት ወዳጆቹ ላይ ነው። እኛ አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ የእነሱን ቦታ ይዘን እንገኛለን፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ነገር ግን ጥርጣሬና መውጣት አንድ አይደሉም። ማዘር ቴሬሳ ካረፉ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የታተሙት ደብዳቤዎቻቸው ለ50 ዓመት ገደማ ፈጣሪ እንደራቃቸው፣ ውስጣቸው ጨለማ እንደነበር ያሳያሉ። ሥራቸውንም ጸሎታቸውንም አልተዉም። ታዲያ መልስ ያላገኘ ሁሉ ይወጣል ማለት ነው? የሚያስቀር ነገርም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ አንዱን የሚያስቀረው ምንድን ነው፣ ሌላውን የሚያስወጣውስ?

የሂሳብ መምህሩ፦
መምህር፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ያኔ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ልብ ይበሉ፣ እሳቸው ፈጣሪ ራቀኝ ብለው ነው የተሠቃዩት። እኔ ደግሞ የራቀኝ ነገር ድሮም መኖሩን መጠራጠር ጀመርኩ። ያ ሌላ ነገር ነው።

ነርሷ፦
ጥያቄው ሁሉ ከጭንቅላት የሚነሳ አስመሰላችሁት። እኔ የምሠራው በጠና የታመሙ ሕፃናት ያሉበት ክፍል ነው። የ4 ዓመት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አጠገቡ የቆመ ሰው ስለ መታዘዝና አለመታዘዝ አያስብም። «ለምን?» ብቻ ነው የሚለው። በ1755 የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በምድር መንቀጥቀጥ የፈረሰችው በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሳለ ነበር፤ እነ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴርም ይህን ይዘው በአደባባይ ተከራክረዋል። ጥያቄው የቆየ ነው፣ እኔ ግን በየተራዬ አዲስ ሆኖ ነው የሚመጣብኝ።

ዳርዊንን ሁሉም የሚያነሳው በዝግመተ ለውጥ ነው። ሴት ልጁ አኒ በ1851፣ በ10 ዓመቷ እንደሞተችበት ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ብዙ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ከእምነቱ የተረፈውን የወሰደው ያ ሐዘን ነው ይላሉ። ያም ሆኖ በ1879 በጻፈው ደብዳቤ የፈጣሪን መኖር እስከመካድ ደርሶ እንደማያውቅ፣ ይበልጥ የሚስማማው «አግኖስቲክ» የሚለው ቃል እንደሆነ ገልጿል። የአላውቅም ባይ ማለት ነው፤ ቃሉን የዳርዊን ወዳጅ ሐክስሊ የፈጠረው 10 ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለማንም አድልቼ አይደለም። እዚያው ክፍል፣ በዚያው ሕመም፣ አንዷ እናት ጸሎት ስትተው ሌላዋ ከዚያ በፊት ጸልያ የማታውቅ ስትንበረከክ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አልገባኝም። አንዷን ደካማ፣ ሌላዋን ጠንካራ የሚል ሰው ግን አንድ ሌሊት መጥቶ አብሮኝ ይደር።

ቁጥር ወዳዱ፦
የግል ታሪኩ ጥሩ ነው፤ እስቲ ሰፋ አድርገን እንየው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በፒው የጥናት ማዕከል መረጃ አሜሪካ ውስጥ «ሃይማኖት የለኝም» የሚሉ አዋቂዎች በ2007 16 በመቶ ነበሩ፤ በ2023-2024 ግን ወደ 29 በመቶ ደረሱ። አንድ ትውልድ እንኳ አልሞላም እኮ። ይህን ያህል ሕዝብ በአንዴ ኃጢአት ጣፈጠው ልንል ነው? አየርላንድን ተመልከቱ። በ2009 በቤተ ክርስቲያን ሥር በነበሩ ተቋማት በሕፃናት ላይ ለአሥርታት የተፈጸመውን ግፍ የሚዘረዝር ይፋዊ ሪፖርት ወጣ። በ2011 ቆጠራ ራሳቸውን ካቶሊክ ያሉት 84 በመቶ ነበሩ፣ በ2022 69 በመቶ ሆኑ። ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው አልልም። ጀርመን ውስጥም በ2022 ብቻ ከ520,000 በላይ ሰው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባልነት በይፋ ወጥቷል። እዚያ አባል የሆነ ሰው የቤተ ክርስቲያን ግብር ስለሚከፍል ገንዘቡም ድርሻ አለው፤ ካህናት በሕፃናት ላይ ያደረሱት ጥቃት ቅሌት ያስቆጣው ግን ብዙ ነው።

ኖሪስና ኢንግልሃርት የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2004 ያቀረቡት ሐሳብ ደግሞ ሌላ ነው። ረሃብ፣ ወረርሽኝ፣ ያለ ዕድሜ መሞት የሚያሰጋው ሕዝብ እምነቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ስጋቱ ሲቀንስ እምነቱም ይላላል ይላሉ።

ጠያቂው፦
በአጭሩ ጥጋብ ነው በለኛ! እኔስ ምን አልኩ? ደግሞ አንድ ነገር ተምታቶብሃል። ከተቋም መውጣትና ከፈጣሪ መውጣት ይለያያል። በአገልጋዮች ያዘነ ሁሉ አምላክ የለም አላለም። ከዚያ 29 በመቶ ውስጥ ስንቱ ነው ኢ-አማኒ?

ቁጥር ወዳዱ፦
እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። ኢ-አማኒ ነኝ ያለው 5 በመቶ ገደማ ነው፣ አግኖስቲክ 6 ገደማ። የቀረው «የተለየ ሃይማኖት የለኝም» የሚል ነው፤ ከእነሱም በአንድ ዓይነት ፈጣሪ ወይም ከፍ ያለ ኃይል የሚያምን ብዙ አለ። ጥጋብ የሚለውን ግን አልቀበልም። ልጁ በኩፍኝ እንዳይሞት የተከተበለት አባት ጠገበ አይባልም፣ ፍርሃቱ ቀነሰ እንጂ። አሜሪካም ሀብታም ሆና ለረጅም ዘመን ሃይማኖተኛ ነበረች፣ ስለዚህ ሐሳቡ ሁሉንም አያስረዳም።

ለኢ-አማንያን ወዳጆቼም የማይጥም ነገር ልንገራቸው። በ2012 ጄርቬስና ኖሬንዛያን በጥልቀት ማሰብ እምነትን ይቀንሳል የሚል ጥናት አወጡ። አንዱ ሙከራ ሰውን የቀራፂው ሮዳንን «አሳቢው» የተባለ ሐውልት ምስል ማሳየት ነበር። ብዙ ሰው በደስታ አስተጋባው፤ «እኛ የምናስብ ነን» ለማለት ይመች ነበራ። በ2017 ሌሎች ብዙ ሰው ይዘው ሙከራውን ሲደግሙት ውጤቱ አልመጣም። ጄርቬስም አላኮረፈም፣ ተቀበለው። በ2021 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት ደግሞ አለማመንን በይበልጥ የተነበየው በጥልቀት ማሰብ አልነበረም። ልጅ ሆኖ፣ አሳዳጊዎቹ እምነታቸውን በተግባር ሲኖሩት ያላየ ሰው ነው ይበልጥ የማያምነው።

ሄንሪክ የሚባል ተመራማሪ በ2009 ይህን በእንጉዳይ ምሳሌ አስረድቶታል። አንድ ሰው «ይህ እንጉዳይ አይገድልም፣ ብላ» ቢልህ መጀመሪያ እሱ ይብላው አይደል የምትለው? ልጆችም እንደዚያ ናቸው። የሚነገራቸውን ሳይሆን ተናጋሪው የሚከፍለውን ዋጋ ነው የሚያዩት።

ታላቅ እህት፦
ዝም ብዬ ላነብ ነበር የገባሁት። የእንጉዳዩ ነገር ግን አላስቻለኝም።

አባታችን በጉባኤ ፊት ጸሎት የሚመራ፣ ሰው የሚያስታርቅ፣ ሁሉም የሚያከብረው ሰው ነበር። ቤት ሲገባ እናታችንን ይደበድባት ነበር። ከጸሎት በተመለሰባት ሌሊት እንኳ። እናታችን ለሽማግሌዎች ስትነግር «ታገሺ፣ ፈጣሪ ያያል» ተባለች። ታናሽ ወንድሜ በ17 ዓመቱ «ካየ ለምን ዝም ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቁጣ አልነበረበትም፣ በእርጋታ ነው የጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ጸሎት ላይ ቆሞ አላየሁትም። አሁን 34 ዓመቱ ነው። ጠያቂው፣ ስለኔ ወንድም «መታዘዝ ከብዶት ነው» ካልክ ማንን ነው መታዘዝ የነበረበት? እኔ ዛሬም አምናለሁ፣ አጥብቄ ነው የማምነው። ወንድሜን ከእምነት ያስወጣው ግን አማኝ ነው፤ መጽሐፍም ኢንተርኔትም አይደለም።

የሃይማኖት አስተማሪው፦
ልጄ፣ የምመልስልሽ የለኝም። «ታገሺ» ካሉት ሽማግሌዎች መካከል እኔም በሌላ ቤት ተቀምጫለሁ። ዛሬ ቢሆን እንዲያ አልልም።

ተመላሹ፦
እኔ ወጥቼ ከ11 ዓመት በኋላ የተመለስኩ ነኝ፤ ከሁለቱም ወገን ላስቀይም ነው። ስለኔ ከሆነ ጠያቂው ልክ ነው። መታዘዝ ከብዶኝ ነው የወጣሁት። የምፈልገው ኑሮ ነበር፣ ሕሊናዬ አላስኖር አለኝ፣ «አምላክ የለም» ብል ዝም የሚልልኝ መሰለኝ። ያነበብኳቸው ክርክሮች ሁሉ በኋላ የመጡ ናቸው። ስለዚህ እንደዚህ ዓይነት ሰው አለ፤ ምስክሩ ራሴ ነኝ። ግን እኔ እንደዚያ ስለሆንኩ መምህሩም የእህታችን ወንድምም እንደዚያ ናቸው ማለት አልችልም።

በክርክር አልተመለስኩም። በክርክር የሚመለስም አለ። አንቶኒ ፍሉ ዕድሜውን ሙሉ በኢ-አማኒነቱ የታወቀ ፈላስፋ ነበር፤ በ2004 በማስረጃ ነው ብሎ ፈጣሪ አለ ወደሚል አቋም ዞረ፣ ወደ የትኛውም ሃይማኖት ሳይገባ። እኔ ግን ስታመም ያስታመመኝ ሰው አማኝ ነበር፤ በ4 ወር ውስጥ አንድም ቀን ስለ ሃይማኖት አላነሳብኝም። እኔ ነኝ መጨረሻ ላይ ያነሳሁበት።

በግድ የተሞከረው ደግሞ ታይቷል። ሶቪየት ኅብረት ለ70 ዓመት ያህል እምነትን ከሰው ልብ ለመንቀል ታግላለች። እንደፈረሰች ሩሲያ ውስጥ ኦርቶዶክስ ነኝ የሚለው በ1991 ከነበረበት 31 በመቶ በ2008 ወደ 72 ወጣ። በምሥራቅ ጀርመን ግን የበርሊን ግንብ ፈርሶም ብዙው ሰው አልተመለሰም። የሰው ልብ በአንድ ቁልፍ አይከፈትም።

ጠያቂው፦
ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብኩ። አቋሜን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም፤ ተመላሹ ያለው ዓይነት ሰው ብዙ ይመስለኛል። «በአብዛኛው» ያልኩትን ግን አነሳለሁ፤ ከየት አምጥቼ እንዳልኩት አላውቅም። ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ደግሞ ጓደኛዬን «ለምን?» ብዬ አለመጠየቄ ነው። ስለ እሱ እዚህ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ምክንያት ሰጥቻለሁ፣ እሱን ግን አንድ ቃል አልጠየቅኩትም።

ትናንት ማታ ደወልኩለት። ማመን ካቆመ 4 ዓመት ሆኖታል። እስካሁን ለምን አልነገርከኝም ስለው «ይሄ እንዳይሆን ብዬ» አለኝ። ምክንያቱን በስልክ ሊነግረኝ አልፈለገም፣ ቅዳሜ እንገናኛለን። እኔም የምለው አለኝ፤ መጀመሪያ ግን እሱ ይናገራል።