«መሣሪያው አይዋሽም» ለምትሉን፦ ማስረጃውን አሳዩን ማለት መቼ ነው ጥፋት የሆነው?

የሌሊት ሾፌር፦ ትናንት እዚህ በራዳርና በካሜራ ተለክቶ ስለሚጣለው የፍጥነት ቅጣት ስንነጋገር ነርሷ «መሣሪያው አይዋሽም፤ የሚዋሸው የተቀጣው ነው፤ መከራከርም ጊዜ ማባከን ነው» ብላ ጻፈች፤ ብዙ ሰውም ደገፋት። እኔ ግን አንጀቴ ሲቃጠል አደረ። ባለፈው ዓመት የቅጣት ወረቀት ደርሶኛል። በተጻፈው ሰዓት ከባድ መኪና እስከ አፉ ጭኜ ረጅም ዳገት እየወጣሁ ነበር። ያ መኪና በዚያ ጭነት፣ በዚያ ዳገት ላይ፣ ወረቀቱ የሚለውን ፍጥነት ሊያወጣ አይችልም። ቢሮ ሄጄ ፎቶውን አሳዩኝ፣ መሣሪያው መጨረሻ የተፈተሸበትን ቀን ንገሩኝ አልኩ። የተሰጠኝ መልስ ከነርሷ ቃል ጋር አንድ ነው፦ መሣሪያው መዝግቧል፣ በቃ። ቀጠሮ ተሰጠኝ፤ ተላለፈ፤ እንደገና ተላለፈ። በመጨረሻ ቅጣቱ ተከፈለ፤ በየቀጠሮው የሚቀርብኝ ሥራ ከቅጣቱ ይበልጥ ነበርና። ስለተከፈለም ጥፋቴን እንዳመንኩ ተቆጠረ። ይህ የደረሰበት ሰው ነው እንግዲህ ዋሾ የተባለው።

ነርሷ፦ ቃሌን አላጥፍም። ወንድሜ፣ አንተን ለይቼ አልተናገርኩም፤ ግን የማየውን ታያለህ ወይ? የተገጨውን ሰው ልብስ ቀድጄ ደሙን ሳስቆም በር ላይ የሚጠብቀው ሾፌር የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው።» ቀስ ብሎ የተነዳ መኪና የሰው ዳሌ እንደዚያ አያደቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል ይላል። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ በ4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምርም የሚናገረው ይኸው ድርጅት ነው። ስለ ቅጣት ወረቀት ሙሾ ሲወርድ ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ለኪው፦ «መሣሪያው አይዋሽም» በሚለው ላይ እንቁም፤ እኔ የምተዳደረው መለኪያ መሣሪያ በመፈተሽ ነው። ራዳር ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ከሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ተንጸባርቆ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል፤ ከለውጡ ፍጥነቱ ይሰላል። ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ በስሌቱ ላይ ክርክር የለኝም። የእኔ ጥያቄ የተለካው የማን ፍጥነት ነው የሚል ነው። የራዳር ሞገድ ከርቀት ጋር እየሰፋ ይሄዳል፤ ከመሣሪያው ራቅ ሲል ሁለት ሦስት መኪና በአንድ ጊዜ ሊያቅፍ ይችላል። ትልቁ መኪና ብዙ ሞገድ ይመልሳል፣ ትንሿ ጥቂት፤ ፈጥና የነበረችው ግን ትንሿ ልትሆን ትችላለች። በእጅ በሚያዝ ራዳር ላይ «ይህ ቁጥር የዚህ መኪና ነው» ብሎ የሚወስነው የያዘው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ፣ በማያሚ ከተማ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የፖሊስ ራዳር የዘንባባ ዛፍን በሰዓት 86 ማይል፣ የቆመ ቤትን ደግሞ 28 ማይል ብሎ ሲመዘግብ አሳየ። በዚያው ዓመት እዚያው አንድ ዳኛ የራዳርን ማስረጃ አልቀበልም አለ። ድሮ ነው የሚለኝ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው አሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ የነበረ መኪና በሰዓት 38 ማይል ነድተሃል ተብሎ በካሜራ ተቀጥቷል። ጉዳዩን ባልቲሞር ሰን ጋዜጣ ይፋ አወጣው፤ በቀጣዩ ዓመት ከተማው ካሜራዎቹን አጠፋ።

እግረኛ፦ አንድ ዘንባባና አንድ የቆመ መኪና ይዛችሁ ስንት ሺህ ትክክለኛ ቅጣት ልትሽሩ ነው? እስቲ እኔም ልቁጠር። ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ አንዱ በሰዓት በ50 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው በ60። ልጅ ዘሎ መንገድ ገባ። ሾፌሮቹ እግራቸው ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑ ደህና ነው። በ50 የሚመጣው 28 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ60 የሚመጣው እዚያው ነጥብ ላይ ሲደርስ ገና በ40 እየበረረ ነው። ልጁ 28 ሜትር ላይ ከሆነ በአንደኛው ይድናል፣ በሌላው በ40 ይገጫል። እናንተ «አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ያለፍኩት» የምትሉት ይህን ነው።

የሌሊት ሾፌር፦ ወንድሜ እግረኛ፣ ፍጥነት አይገድልም ያለህ ማን ነው? እኔም ልጆች አሉኝ፤ መንገድ ተሻግረው ነው የሚማሩት። የጠየቅሁት ያልነዳሁበትን ፍጥነት ነድተሃል ስባል የት ልሂድ ብዬ ነው። ለዚያ መልስ ስጠኝ።

ነርሷ፦ ለኪው፣ በስንት ዓመት ውስጥ ስንት ምሳሌ አመጣህ? ሁለት። አንዱም እኔ ሳልወለድ የሆነ ነው።

ለኪው፦ እህቴ፣ የባልቲሞሩ ስህተት የታወቀው እኮ መኪናው መቆሙን የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል ስለነበረና ባለቤቱ አልከፍልም ብሎ ስለተከራከረ ነው። አንቺ እንዳልሽው ክርክር ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ቢከፍል ኖሮ ያም ቅጣት ዛሬ «ትክክለኛ» ከተባሉት ጋር ተደምሮ ይቆጠር ነበር። ስህተት ጥቂት ነው የምትይው በምን ተለክቶ ነው? ሰው እንዳይጠይቅ እየተደረገ ስህተት አልተገኘም ማለት ትርጉም የለውም።

ለሾፌሩ የሚያዳላ ነገር እንዳለም ልናገር። ራዳሩ ከመንገዱ ዳር ሆኖ መኪናውን በሰያፍ ሲመለከት፣ ቆሞ እስከለካ ድረስ የሚያነበው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ነው። በጀርመን ደግሞ ከ100 በታች ከሆነ ከተለካው ላይ 3 ኪሎ ሜትር፣ ከ100 በላይ ከሆነ 3 በመቶ ይቀነሳል። መሣሪያ በጭራሽ የማይሳሳት ቢሆን ይህን መቀነስ ለምን በደንብ አስገቡት?

ነባር ሾፌር፦ ልጆች፣ የራሳችሁን ቆጣሪ ደግሞ አትርሱት። «ዳሽቦርዱ 60 ነበር የሚለው» ስትሉ እሰማለሁ። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 መሠረት የመኪና ፍጥነት ቆጣሪ ከእውነተኛው በታች ማሳየት አይፈቀድለትም፤ በላይ ግን ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ጤነኛ ቆጣሪ 60 ካለ በእውነት የነዳችሁት 60 ወይም ያነሰ ነው። ከፋብሪካ ከወጣበት የሚበልጥ ጎማ የገጠመ ግን ቆጣሪው ሊያታልለው ይችላል፤ ጎማው በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ስለሚሄድ። ጎማ ቀይሮ ራዳሩን የሚረግም ብዙ አይቻለሁ። እኔ አጥፍቼ ስያዝ ከፍዬ ሄጃለሁ፤ ቢሮ ለቢሮ አልዞርኩም።

ዳገት ወጥቶ መታጠፊያው ጀርባ ተደብቆ መለካቱን ግን አልወደውም። አደጋ የሚበዛበት መጋጠሚያ ባዶ ሆኖ፣ መንገዱ ሰፊ በሆነበት ቁልቁለት ግርጌ ቆመው ይጠብቃሉ። ያ ጥበቃ ነው አልልም።

እግረኛ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ቁልቁለት ግርጌ እኮ ነው ሰው የሚሞተው። ደግሞስ ተደብቆ የሚለካ ካሜራ ለምን ይጎዳዎታል? የት እንዳለ የማይታወቅ ሲሆን ሾፌሩ ሁሉም ቦታ ላይ ይጠነቀቃል። የሚታየውን ሲያልፍ ፍሬን ይይዛል፣ ካለፈ በኋላ ነዳጁን ይረግጣል።

ነባር ሾፌር፦ ለዚያ መላ አለው፤ በሁለት ነጥብ መካከል አማካይ ፍጥነት ይለኩ። እዚህ ታርጋህን ያነባል፣ ራቅ ብሎ እንደገና ያነባል፣ ርቀቱን በፈጀህበት ጊዜ ያካፍላል። ፍሬን ይዞ ማለፍ አይጠቅምም፤ መደበቅም አያስፈልግም። እንግሊዝም ጣሊያንም ይሠራበታል። እኔ የምጠላው ድብብቆሹን ነው።

የስምሪት ኃላፊ፦ ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነበር፤ አልቻልኩም። በሥራዬ በርካታ ሾፌሮችን አሰማራለሁ። ቅጣት ይዞ የመጣ ሁሉ «ዳገት ላይ ነበርኩ»፣ «ሌላ መኪና ነው» ይላል። የመኪናውን የሳተላይት መከታተያ ስከፍት አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ትክክል ሆኖ አገኘዋለሁ። ነርሷ ልክ ናት።

የሌሊት ሾፌር፦ አብዛኛውን ጊዜ አልክ። የቀረውንስ ጊዜ ምን አደረግህ? ሾፌሩን ይዘህ ሄደህ ተከራከርክለት?

የስምሪት ኃላፊ፦ መከታተያው የሾፌሩን ቃል ሲያረጋግጥ ወረቀቱን አትሜ እሰጠዋለሁ። መከራከር የእሱ ፈንታ ነው።

የሌሊት ሾፌር፦ በሥራ ቀን፣ ያለ ክፍያ ማለት ነው! የመድረሻ ሰዓቱን የሚጽፈውስ ማን ነው? ጭነቱ ዘግይቶ ይጫናል፣ ሰዓቱ ግን አይነካም። በሕጉ ፍጥነት ቢሄዱበት የማያደርስ ሰዓት ሰጥታችሁ፣ ሾፌሩ ሲያዝ መከታተያ ትከፍታላችሁ። ያንን ሰዓት የጻፈውን ሰው የሚይዝ ራዳር አላየሁም።

ነርሷ፦ በዚህ ላይ ከሾፌሩ ጋር ነኝ። ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ገጭተው የሚመጡት ሾፌሮች ራሳቸውም ተጎድተው ነው የማገኛቸው። ነገር ግን ቀጣሪ አስገደደኝ ማለት የተገጨውን አያስነሣም።

ጠበቃ፦ ወደ ማስረጃው ልመልሳችሁ፤ ዋናው እሱ ነው። በጀርመን የዛርላንድ ግዛት ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ ጥያቄ ነው የወሰነው። መሣሪያው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አስቀምጦ ጥሬ ልኬቱን ስለማያስቀምጥ፣ ተከሳሹ ውጤቱን መመርመር አልቻለም፤ ስለዚህ በዚያ ልኬት መቅጣት አይቻልም አለ። በቀጣዩ ዓመት የፌዴራሉ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደግሞ ከመዝገቡ ውጭ ያለ ነገር ግን በባለሥልጣኑ እጅ የሚገኝ የልኬት መረጃ ለመከራከሪያ እስካስፈለገው ድረስ ተከሳሹ በመርህ ደረጃ የማየት መብት አለው ብሎ ወሰነ። ነርሷ እንደምትለው ቢሆን እነዚህ ዳኞች ሁሉ ጊዜ አባካኝ ናቸው።

እግረኛ፦ ሙሉውን ተናገር እንጂ ጠበቃ። በዚያው በጀርመን ብዙዎቹ ፍርድ ቤቶች የዛርላንድን መንገድ አልተከተሉም፤ ተፈትሾ የጸደቀ መሣሪያ ጥሬ ልኬት ባያስቀምጥም ውጤቱ ይሠራል አሉ። ይህን ለምን ዘለልከው?

ጠበቃ፦ አልዘለልኩትም፤ እመጣበት ነበር። ልዩነት መኖሩ እውነት ነው። ግን መሣሪያው ተፈትሾ መጽደቁን የሚያሳይ ሰነድ ለተከሳሹ መቅረቡን እነዚያም አይቃወሙም። የሌሊት ሾፌር የጠየቀው ያንን ነው፤ የፍተሻውን ቀን። አልተሰጠውም።

ነርሷ፦ ይሰጠው። ስጡት፣ ፎቶውንም ስጡት። የምቃወመው ሌላ ነው። ሀብታሙ ጠበቃ ይዞ ይሄድና በወረቀት ስህተት ነጻ ይወጣል፤ የፍተሻው ቀን ተፋልሷል ይባላል፤ በማግስቱ በዚያው ፍጥነት ይነዳል። መከራከር የሚችለው ገንዘብ ያለው ነው። የካሜራን ጥቅም የፈተሹ ጥናቶችን የሰበሰበው የኮክሬን ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2010 በካሜራ አካባቢ ሞትና ከባድ ጉዳት ያስከተሉ አደጋዎች ከ11 እስከ 44 በመቶ ቀንሰው እንደተገኙ ጽፏል። ይህን ነው በወረቀት ስህተት የምትበሉት።

ለኪው፦ ድሃው መከራከር አይችልም ብለሽ ድሃው አይከራከር ማለት ግን አይያያዝም። ክርክሩ ይቅለልለት። የፍተሻው ሰነድና ፎቶው ከቅጣት ወረቀቱ ጋር አብረው ቢላኩ ኖሮ ግማሹ ተከራካሪ አይቶ ዝም ብሎ ይከፍል ነበር።

ነባር ሾፌር፦ ሀብታም ከተነሣ የፊንላንድ ሕግ ደስ ይለኛል። ከፍ ላለ ጥፋት ቅጣቱ በገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ባለጸጋ የፍጥነት ወሰኑ 50 በሆነ መንገድ በ82 ነድቶ 121,000 ዩሮ ተቀጥቷል። ለእሱ ያን ያህል፣ ለእኔ ደግሞ እንደ አቅሜ። አሁን ግን ለእሱ የማይቆጠር ሳንቲም የሆነው ለሾፌሩ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

የስምሪት ኃላፊ፦ ጋሼ፣ ታዲያ የድርጅት መኪና ሲያዝ በማን ገቢ ሊሰላ ነው? በድርጅቱ? ድርጅት ይዘጋል።

ጠበቃ፦ እሱ እንደየአገሩ ሕግ ነው። በጀርመን የሚቀጣው መሪ የያዘው ሰው ስለሆነ ካሜራው ፊቱን ማሳየት አለበት፤ በሌሎች አገሮች ግን የታርጋው ባለቤት ቀድሞ ይጠየቃል። የሌሊት ሾፌር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወረቀቱ የወጣው በማን ስም ነው? በባለንብረቱ ከሆነ የተከራከርከው ያለ ውክልና ነው፤ ቀጠሮው የተላለፈውም በዚያ ሊሆን ይችላል።

የሌሊት ሾፌር፦ በድርጅቱ ስም ነው። ፎቶ ስላላሳዩኝ መሪ የያዝኩት እኔ መሆኔንም ማንም አላረጋገጠም። ድርጅቱ ከፍሎ ከደመወዜ ቆረጠ፤ ስጠይቅ «ወረቀቱ መጥቷል» አሉኝ።

የስምሪት ኃላፊ፦ መኪናውን በዚያ ሌሊት የተረከብከው አንተ ነህ። በርክክብ ወረቀቱ ላይ ፈርመሃል። ሌላ ማን ይክፈል?

የሌሊት ሾፌር፦ የፈረምኩት መኪናውን ለመረከብ ነው። ዳገት ላይ ያልነዳሁትን ፍጥነት ለመረከብ አልፈረምኩም። በስሜ ያልወጣ ቅጣት፣ ፎቶው ሳይታይ፣ ሳልጠየቅ ከደመወዜ የሚቆረጠው በየትኛው ሕግ ነው? ኃላፊው ይህን ይመልስልኝ።

የስምሪት ኃላፊ፦ በቅጥር ውልህ ውስጥ አለ። አንብበው።

ጠበቃ፦ ውሉን ስምህን ሸፍነህ እዚህ ለጥፈው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ሁሉ አይጸናም።